ለቅዳሜው ጥናት፦ እምነትና መታዘዝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እህቶች።

ባለፈው ክርክሩ ጦፎ ሰዓቱ አለቀብን። «ካመንን በቃ፣ መታዘዙ ለምን?» የሚለው ጥያቄም እንደተንጠለጠለ ቀረ። ለቅዳሜ ሮሜ 4ን እና ያዕቆብ 2ን አንብባችሁ ኑ። አደራ፣ ሁለቱንም!

ጳውሎስም ያዕቆብም የሚጠቅሱት ያንኑ ዘፍጥረት 15፥6ን ነው። አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ጳውሎስ ጊዜውን ልብ በሉ ይለናል። ግዝረት የመጣው ምዕራፍ 17 ላይ ነው። አብርሃም የተቆጠረለት ከዚያ በፊት ስለሆነ በሥራው የሚመካበት ነገር የለውም።

ያዕቆብ ደግሞ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ብሎ ወደ ምዕራፍ 22 ይወስደናል። እዚያ እግዚአብሔር አብርሃምን ልጁን ይስሐቅን እንዲሠዋለት ያዝዘዋል። አብርሃም በማለዳ ተነሣ፣ አህያውን ጫነ፣ እንጨት ፈለጠ። ከዚያ መንገድ ጀመረ። ቦታውን ከሩቅ ያየው በሦስተኛው ቀን ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ እንጨቱ ነው። ልቡ ያመነታ ሰው «እዚያው ስንደርስ እንለቅማለን» ብሎ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ከቤቱ ፈልጦ ይዞ ሄደ። ሐሳቡን ለመቀየር ደግሞ ሦስት ቀን ነበረው።

የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር በ1522 እ.ኤ.አ. የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» (ክብደት የሌለው ለማለት) ብሎት ነበር። እንደኔ እንደኔ ቸኩሏል። ጳውሎስ ራሱ የሮሜን መልእክት ሲጀምርም (1፥5) ሲጨርስም (16፥26) እምነትንና መታዘዝን አንድ ላይ ነው የሚያነሣቸው። የማትስማሙ ካላችሁ ጥቅሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እንወያይበታለን።

ዘፍጥረት 22ን ጮክ ብሎ የሚያነብልን አንድ ሰው እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆነ እስከ ዓርብ ያሳውቀን።