ለክቡር የጤና ሚኒስትር፦ ስለ ባለቤቴና ስለ ደብተሩ

ክቡር ሚኒስትር፣

በትዳር 11 ዓመት ኖረናል። ባለቤቴ አስፐርገር ሲንድረም (የሰውን ስሜት ማንበብና ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ሁኔታ) እንዳለበት ያወቅነው ከተጋባን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ በኦቲዝም ሥር ተጠቃሏል። ስሙ ቢለወጥም ሰውየው ያው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የጋብቻ አማካሪ ዘንድ ሄድን። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳያዳምጠን፣ ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ፣ «እንዲህ ያሉ ሰዎች ፍቅር አያውቁም፤ በከንቱ አይልፉ» አለኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ዕቃ እያጠበ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፣ «አንቺም እንደዚያ ታስቢያለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሳንባ ምች ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ «አይዞሽ» አላለኝም። ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ትኩሳቴን እየለካ፣ በማስመሪያ ባሰመረው ደብተር ላይ ሲመዘግብ አደረ። ጠዋት ደብተሩን ሳየው አለቀስኩ፤ እሱ ግን ብሶብኝ መስሎት ቴርሞሜትሩን ይዞ መጣ።

የሰውን ስሜት ከፊቱ ለማንበብ መቸገርና ለሰው አለማዘን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አሌክሲታይሚያ የሚባለውም አለባቸው፤ የገዛ ስሜታቸውን ለይተው በቃል መጥራት ይቸግራቸዋል። ባለቤቴ ሲጨነቅ «ሆዴን አመመኝ» ነው የሚለው፤ ጭንቀት እንደነበር የሚደርስበት በማግሥቱ ነው። ተመራማሪው ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው ደግሞ ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው። እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ዓመት ዝምታውን ኩርፊያ ነው ብዬ ተጣልቼዋለሁ።

የምጠይቅዎት የአማካሪዎች ሥልጠና ኦቲዝምን የሕፃናት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየቱን እንዲተው ነው። የሚያፈቅረው፣ ያገባው፣ ትዳሩ የፈረሰበት ጎልማሳም ይካተትበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብትን ደንግጓል። ማግባት ከተፈቀደልን፣ ትዳሩ ሲታመም የምናንኳኳው በርም ያስፈልገናል።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አስነበብኩት። ትኩሳቴን የለካው በየሁለት ሰዓቱ ሳይሆን በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ስለሆነ እንዳርመው ነገረኝ። ደብተሩንም አምጥቶ አሳየኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ባለትዳር