የመስኮቱ ሠራተኛ ለምን ይኮሳተራል?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጎንደር መሥሪያ ቤቶች መጥፎ መስተንግዶ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ጠባይ ላይ ጥሎታል። የሥራው ጠባይም መታየት አለበት። የሥራ ጭንቀት ተመራማሪው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት፣ ሰውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ብዙ ሥራ ከትንሽ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲገጥም እንደሆነ አሳይቷል። የመስኮት ሠራተኛ ዕጣው ይኸው ነው። ሲስተም ሲቋረጥ ስድቡን የሚቀበለው እሱ ነው፤ መፍትሔው ግን በእጁ የለም። የፋሲል ግቢ አስጎብኚም በጥምቀት ሰሞን ይደክማል። ሆኖም ጉብኝቱን በራሱ መንገድ ይመራል፣ ምስጋናውንም እዚያው ይሰማል። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛውን ከመስኮት ወደ ፋይል ሥራ በየሁለት ሰዓቱ ያፈራርቁት፤ ቀላል ጉዳዮችንም አለቃ ሳይጠብቅ እንዲጨርስ ይፍቀዱለት።

አንድ አንባቢ፣ ከአዘዞ