ስለ ኦኒ ኒስካነን ሕይወት በእሑድ ስለምናደርገው ውይይት

የተከበራችሁ የሩጫ ቡድናችን አባላት፣

በፊታችን እሑድ ከልምምድ በኋላ ስለ ኦኒ ኒስካነን ሕይወት ስለምንወያይ ሁላችሁም እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በፊንላንድ የተወለዱት እኚህ የስዊድን መኮንን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ አገራችን መጥተው የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን አሠልጥነዋል፤ ከዚያም ስፖርታችንን በማደራጀት ረጅም ዓመታት አገልግለዋል። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ድሉን ሲደግም አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። በእኔ እምነት አብዝተን ልንነጋገርበት የሚገባው የቶኪዮው ዝግጅት ነው፤ ከጉዳት ተነሥተው ልምምድ የጀመሩ አባላት በመካከላችን አሉና።

መገናኛችን ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ሳይበረታ ለመጨረስ ሩጫውን ከጠዋቱ 12፡30 እንጀምራለን፤ ውይይቱ 2 ሰዓት ላይ ይሆናል። የመጠጥ ውኃና ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የዘመኑ ፎቶግራፍ ወይም የጋዜጣ ቁራጭ በቤቱ ያለው አባል ቢያመጣልን እጅግ እናመሰግናለን። በተጨማሪም በቋሚነት በየወሩ አንድ የስፖርት ባለውለታ እያነሣን እንወያይ ወይስ አንወያይ የሚለውን በዕለቱ እንወስናለን።

የምትገኙና የማትገኙ አባላት እስከ ዓርብ ማታ በዚሁ መልእክት ሥር እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

የቡድኑ አስተባባሪ