ለቅዳሜ፦ ጆሮ የማያስጨንቁ የካንትሪ ዘፈኖችን እንምረጥ

ውድ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ በ9 ሰዓት፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለው የተለመደው ክፍላችን ተሰብስበን 12 የካንትሪ (ከአሜሪካ ገጠር የመነጨ ሙዚቃ) ዘፈኖች እንመርጣለን። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ቶሎ የሚረብሻቸው ልጆችና አዋቂዎች አብረውን ያዳምጣሉ፤ ኦቲዝም ያለባቸውና ማይግሬን የሚያሠቃያቸው ከእነርሱ መካከል ናቸው።

እያንዳንዳችሁ ሁለት ዘፈን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ለስላሳ የሚመስል ሁሉ ግን አይመችም። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው የድምፁ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው። ስለዚህ ከበሮው በመሃል ዘሎ የሚገባበትን፣ ባንጆው (ክብ ሆድ ያለው የክር መሣሪያ) የሚያንቃጭልበትን፣ የስቲል ጊታሩ (ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚጫወቱት ጊታር) ቀጭን ድምፅ ጆሮ የሚወጋበትን ተዉት። ጭብጨባና ፉጨት ያለበት የመድረክ ቅጂም ይቅር። ከካንትሪ ዘፋኞች ጂም ሪቭስ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ በለሆሳስ የዘፈናቸው፣ ዶን ዊሊያምስም በወፍራም ድምፁ ሳይቸኩል የተጫወታቸው ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። አደራ፣ እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አታምጡ፤ አንዳንዱ በመጨረሻው አዝማች ላይ በድንገት ይጮኻል።

ከእናንተ መካከል ድምፅ የሚረብሻችሁ፣ የትኛው እንደሚከብዳችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ከሁላችንም ምርጫ የእናንተ ቃል ይቀድማል። የምትመጡም የምትቀሩም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልስ ስጡን።