ለጌታቸው፣ ስለ ሩሲያ ገበሬና ስለ ፈረንጅ ሐሳብ

ውድ ወንድሜ ጌታቸው፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር። ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቴን በሥራ አላመካኝም። ከዛሬ ነገ ሲሉ ዓመቱ ይነጉዳል፤ ከነጎደ በኋላ ደግሞ «አሁን ምን ብዬ ልጀምር?» የሚል ሐፍረት ይመጣል። ሐፍረቱን ያስጣለኝ ማርክስ ነው ብልህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ግን እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፤ እንዳትደናገር።)

ሩሲያዊቷን አብዮተኛ ቬራ ዛሱሊችን መቼም አትረሳትም፤ የፒተርስበርጉን ገዢ ተኩሳ አቁስላ ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበታት። በፌብሩዋሪ 1881 ከጄኔቫ ሆና ለማርክስ ጻፈችለት። የሩሲያ የመንደር ማኅበር የግድ መፍረስ አለበት? ገበሬው እንደ እንግሊዙ መሬቱን አጥቶ፣ ወዛደር ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሶሻሊዝም የሚመጣው? ወይስ ከማኅበሩ በቀጥታ መሻገር ይቻላል? ለእኛ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው አለችው። ሰውዬው ተጨነቀ። ረቂቅ ጻፈ፣ ተወው፣ ሌላ ጀመረ፤ አራት ረቂቅ ተገኝቷል። በመጨረሻ ማርች 8 የላከላት ግን አጭር መልስ ነበረች፦ በ«ካፒታል» ያተትኩት የምዕራብ አውሮፓን መንገድ ብቻ ነው፤ የመንደሩ ማኅበር ለሩሲያ መታደስ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ከየአቅጣጫው የሚያጠቁት ነገሮች ሊወገዱለት ይገባል። ይህች ደብዳቤ ታትማ የወጣችው በ1924 ነው፤ ሌኒን በሞተበት ዓመት።

እዚያ ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ ከተማ፣ ማርክስን እንደ ዳዊት ስንደግም ይህቺን ደብዳቤ ያነሳልን ሰው ትዝ ይልሃል? እኔ አይለኝም። ሰሞኑን ረቂቆቹን ሳነብ ግን አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። «የሩሲያን ገበሬ የጨረሰው የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ በሀገሩ ሥርዓት ቢተዉት ኖሮ ይሻለው ነበር» ትል ነበር። ዛሬም በዚያው አቋምህ ከሆንክ፣ ልከራከርህ ነው የተነሳሁት።

ለመሆኑ ያንን «የሀገሩ ሥርዓት» ዝነኛ ያደረገው ማን ይመስልሃል? የፕሩሲያው ባሮን ሃክስትሃውዘን ነው። በ1843 ሩሲያን ዞሮ ስለ መንደሩ ማኅበር፣ ስለ ሚር፣ በሰፊው ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው ወግ አጥባቂው «ይኸው የስላቭ ነፍስ!» አብዮተኛው ደግሞ «ይኸው የሶሻሊዝም ዘር!» እያለ የተሻማበት። ሁለቱም ወገን የራሱን ሀገር መንደር በጀርመን መነጽር ነበር የሚያየው። እና ፈረንጁን ከሀገሬው የሚለየው መስመር የት ላይ ነው?

የሚሩን አሠራር አብረን ብናየውም ላስታውስህ፣ ክርክሬ እሱ ላይ ስለሚቆም። መሬቱ የመንደሩ ነው። አባወራዎቹ ተሰብስበው እንደየቤቱ ሰው ብዛት ይደለድሉታል፤ ቤተሰብ ሲሰፋና ሲጠብ ደግሞ እንደገና ይደለደላል። አንድ ቤት የሚደርሰው አንድ ቦታ አይደለም፦ ከለሙ ቁራጭ፣ ከአሸዋማው ቁራጭ፣ ከረግረጉ ዳር ቁራጭ፣ ከሩቁ ቁራጭ። አንዳንዱ ከጥበቱ የተነሳ ስፋቱ በላፕቲ፣ በዚያ ከዛፍ ልጥ በሚጎነጎነው ጫማ፣ ይለካ ነበር። ከምዕራብ የተማረ የግብርና ባለሙያ ይህን ሲያይ ጨርቁን ሊጥል ይደርሳል፤ ጊዜው በመመላለስ ያልቃል፣ ድንበሩ ሁሉ አረም ነው፣ ጎረቤትህ ከብቱን ገለባው ላይ ሲለቅ አንተ ብቻህን ሌላ ሰብል መዝራት አትችልም። ለገበሬው ግን በረዶ አንዱን ቁራጭ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። ርስት ያየ የጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ጣጣው ግብሩ ላይ ነበር፦ አንዱ ካልከፈለ መንደሩ በሙሉ ይከፍልለታል፣ እስከ 1903 ድረስ። ማኅበሩ የገበሬው መድን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ግብር ሰብሳቢም ነበር። «በሀገሩ ሥርዓት ቢተዉት» ስትል ይህችኛዋን ትዘላታለህ።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። በካትሪን ዘመን፣ በ1765፣ ነጻ የኢኮኖሚ ማኅበር የሚባል ተቋቋመና ገበሬ የራሱ ንብረት ቢኖረው ለሀገር ይጠቅማል ወይ የሚል የጽሑፍ ውድድር አወጣ። ከአውሮፓ ጽሑፍ ጎረፈ፤ አዎ ይጠቅማል ያለው አሸነፈ። በ1767 ደግሞ ይህችው ንግሥት ሰርፍ፣ ማለት ለባላባት የተገዛ ገበሬ፣ ጌታውን እንዳይከስ ከለከለች። በዚያው ሰሞን ግላስጎ ላይ በአዳም ስሚዝ የተማረው ሩሲያዊው ዴስኒትስኪ፣ መምህሩ ታላቁን መጽሐፉን ሳያሳትም፣ ሐሳቡን ሞስኮ ላይ ያስተምር ነበር። የእኛ ፑሽኪንም («የእኛ» ማለቴን እንደማልተው ታውቃለህ) የግጥም ልቦለዱን ባለታሪክ ኦኔጊንን ስሚዝ አንባቢ አድርጎ ነው የሣለው። ልጁ ርስት ሲወርስ የጉልበት ግዳጁን በቀላል የገንዘብ ክፍያ ይለውጣል፣ ገበሬው ዕድሉን ይባርካል፣ ጎረቤት ባላባቶች ግን አደገኛ እብድ ነው ይሉታል። ሐሳቡ ገብቶ ነበር፤ ያልፈለጉት ባላባቶቹ ናቸው። ይህን በፈረንጅ ልታላክ አትችልም።

በ1861 የሰርፉ ነጻነት መጣ፣ ከነዕዳው። መንግሥት ለባላባቱ ከፈለና ገበሬው ለመንግሥት በዓመት 6 በመቶ፣ ለ49 ዓመት እንዲከፍል ተደረገ። አፈሩ ደካማ በሆነበት በሰሜኑ በኩል ደግሞ ዋጋው ከመሬቱ የገበያ ዋጋ በላይ ተተመነ። ለምን? ባላባቱ ያጣው መሬት ሳይሆን የሰው ጉልበት ስለሆነ፣ የጉልበቱን ዋጋ መሬቱ ውስጥ ሸጎጡለት። ገበሬው የገዛ ራሱን ነው የገዛው። ዕዳው የተሰረዘው የ1905ቱ አመጽ ካስደነገጣቸው በኋላ፣ ከ1907 ጀምሮ ነው። በ1906 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቶሊፒን መጥቶ ማኅበሩን ለቆ መሬቱን በአንድ ላይ መያዝ የሚሻ ይያዝ አለ፤ ኮፎድ የሚባል ዴንማርካዊ ዋና ባለሙያው ነበር። የወጣው ወጣ፣ ብዙው ቀረ። በ1917 መንደሩ ራሱ ተነሥቶ የባላባቱንም የወጡትንም መሬት መልሶ ቀላቀለው።

አሁን ወደ ቻያኖቭ፣ ወደ ሩሲያዊው የግብርና ኢኮኖሚ ሊቅ፣ ልምጣ፤ ሌላውን ያንደረደርኩት ለሱ ብዬ ነው። ሌኒን በ1899፣ ሳይቤሪያ በግዞት ሳለ፣ የገጠሩን ስታቲስቲክስ ሰብስቦ «ይኸው፣ ሀብታምና ድሃ ገበሬ ተለያይቷል፣ ካፒታሊዝም ገብቷል» አለ። ቻያኖቭ ያንኑ ዓይነት ቁጥር አየና ሌላ ነገር ጠየቀ፦ የዚህ ቤት ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው? እስቲ አስበው። ዛሬ የተጋቡ ባልና ሚስት ሁለት ሠራተኛ፣ ሁለት አፍ ናቸው። ልጅ እየተከታተለ ሲመጣ አፉ ይበዛል፣ ሠራተኛው ያው ሁለት ነው። ወደ 14 ዓመት ገደማ አንድ ሠራተኛ ሁለት አፍ ለመመገብ ይቃረባል፤ ያኔ ነው ወገብ የሚቆረጠው። ከዚያ የበኩር ልጅ ሞፈር ይይዛል፣ ታናሹ ይከተላል፣ እርሻው ይሰፋል፣ ቤቱ «ሀብታም» ይባላል። ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ ደግሞ መሬቱ ይከፈልና ሁሉም ከታች ይጀምራል። ቆጣሪው በአንድ ቀን መጥቶ ሲያይ አንዱን ኩላክ (ሀብታም ገበሬ)፣ አንዱን ድሃ ብሎ ይመዘግባል። የቤተሰቡ ዕድሜ መሆኑ አልታየውም። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ነው አላለም ቻያኖቭ፤ ግን ትልቁን ድርሻ ከዚህ አገኘው።

ሌላም አለ። ደመወዝ የሚከፍል ባለ እርሻ ኪሳራ ሲመጣ ሥራ ይቀንሳል። ገበሬ ግን የእህል ዋጋ ሲወርድበት የባሰ ይሠራል፤ ነጋዴ ለማይደፍረው መሬት እንኳ የበለጠ ኪራይ ይከፍላል፤ የሚያሰላው ትርፍን ሳይሆን የልጁን አፍና የወገቡን ድካም ነው። የለንደኑ መማሪያ መጽሐፍ ይህን «ኋላ ቀርነት» ነበር የሚለው። ቻያኖቭ ስሌት ነው አለ፤ ያለውም ከምዕራብ በተማረው በራሱ በኢኮኖሚ ትምህርት ቋንቋ ነው፣ የኅብረት ሥራውንም ጣሊያንና ቤልጂየም ሄዶ አይቷል። ስለዚህ ጌታቸው፣ ሐሳቡ ከየት መጣ የሚለው ክርክር አያዋጣህም። የማርክስን ረቂቅ፣ የቻያኖቭንም መጽሐፍ ከሌሎቹ የሚለያቸው፣ ገበሬው ምን መሆን እንዳለበት ከመወሰናቸው በፊት ምን እየሠራ እንደሆነ መጠየቃቸው ነው።

ቻያኖቭ በ1930 «የሠራተኛ ገበሬዎች ፓርቲ» በሚባል፣ ባልነበረ ድርጅት ተከሶ ታሰረ። በኦክቶበር 1937 አልማ አታ ላይ ተረሸነ። ስሙ የታደሰለት በ1987 ነው፤ እኛ እዚያው ሩሲያ እያለን! ያን ጊዜ ስለ ፔሬስትሮይካ ስናወራ እናድር ነበር፤ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነፈስንም።

ከእሱ ይልቅ የተሰማው ማን ነው? በ1928 ማብቂያ ላይ ቺካጎ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ክፍል የተቀመጡ አሜሪካውያን የግብርና ሰዎች ለሶቪየቶች ግማሽ ሚሊዮን ኤከር የሚሸፍን የስንዴ እርሻ ፕላን አወጡ። ትራክተሩን፣ ሠራተኛውን፣ ሁሉን በወረቀት ላይ ደለደሉ፤ ቦታው ከእነሱ ውቅያኖስ ማዶ ነበር። ለእነሱ ሙከራ ነበር፣ ስታሊን ግን ፋብሪካ የመሰለ እርሻ ከልቡ ይወድ ነበር። የሚቀጥለውን ታውቀዋለህ። በ1930 መጀመሪያ ከግማሽ በላይ አባወራ ኮልኾዝ፣ የጋራ እርሻው ውስጥ፣ ገባ ተባለ፤ በማርች ስታሊን «በድል ሰክረዋል» ብሎ ካድሬዎቹን ሲወቅስ፣ ገበሬው ነቅሎ ወጣና በበጋው ሩብ ያህሉ ቀረ። ከዚያ እንደገና አስገቡት፤ ከ1932 እስከ 1933 ደግሞ በዩክሬን፣ በካዛኽስታን፣ በቮልጋ ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። ይህን ማራዘም አልፈልግም።

ስለ እኛም ብዙ አልልም፤ መልባና ወልባን፣ የደርግን የአምራቾች ማኅበራት ደረጃዎች፣ አንተ ከእኔ የበለጠ አይተሃቸዋል። በ1990 መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ባለ ማግስት ገበሬው የአምራቾችን ማኅበር በወራት ውስጥ አፍርሶ መሬቱን ተከፋፈለ። ሩሲያ ላይ ግን ተቃራኒው መሆኑ ነው የሚገርመኝ። የልጽን በ1991 መጨረሻ ኮልኾዞች እንደገና ይመዝገቡ ብሎ አዘዘ፤ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው በወረቀት የመሬት ድርሻ ተሰጠው፤ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከዓለም ባንክ ወገን የመጡ አማካሪዎች የኮልኾዝ ንብረት በጨረታ የሚከፋፈልበትን መንገድ ቀየሱ። ገበሬው በሩን በርግዶ ይወጣል ብለው ጠበቁ። የግል እርሻው 280 ሺህ ገደማ ደረሰና ቆመ። ገበሬው ሰንፎ መስሏቸዋል። ጓሮውን ያላየ እንዲህ ይላል። ሴትዮዋ ድንቿን፣ አሳማዋን፣ ላሟን የምታኖረው ከኮልኾዙ በሚመጣ መኖ፣ በኮልኾዙ ትራክተር በሚታረስ ጓሮ፣ በኮልኾዙ መኪና በሚመጣ ማገዶ ነው። ኮልኾዙን አፍርሺ ማለት ጓሮሽን አፍርሺ ማለት ነበር። ቻያኖቭን ያነበበ አማካሪ ይህን በአንድ ከሰዓት ይረዳው ነበር።

በመጨረሻ መሬቱን የሰበሰቡት የከተማ ገንዘብ ያላቸው ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። በ1972 ከአሜሪካ በገፍ እህል የገዛችው ሀገር ዛሬ ስንዴ በመላክ ከዓለም ግንባር ቀደም ሆናለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ2010 ቆጠራ ደግሞ ነዋሪ የሌላቸው መንደሮች ከ19 ሺህ በላይ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላበቃም። ከመጀመሪያው ጦርነት በፊት የሳይቤሪያ ገበሬ ቅቤ እስከ ለንደን ይሸጥ ነበር። የክሬም መለያ ማሽኑም ሆነ ብዙው ነጋዴ ከዴንማርክ አካባቢ የመጣ ነው፤ ኩርጋን ላይ ባላክሺን የሚባል ሰው በ1907 የቅቤ ማኅበራቱን አስተባብሮ ነጋዴውን ወደ ጎን እንዲተዉት አደረገ። ላሟ የየቤቱ ናት፤ ወተቱ ግን የጋራ። ቻያኖቭ ያለው ይህንኑ ነበር፦ በቤት የሚሻለው በቤት ይቅር፣ በጋራ የሚሻለው ብቻ በጋራ ይሁን። ኮልኾዝ «ኅብረት» የሚለውን ስም ወስዶ ይህን ቀበረው።

አንተ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ውስጥ ዓመታት ሠርተሃል፤ እኔ በወረቀት ነው የማውቀው። መስመሩ የት ላይ ነው የሚሰመረው? ማጠቢያውን በጋራ ስታደርጉት ሠራ ወይስ ሽያጩን? ገበሬው በራሱ ፈቃድ የት ድረስ መጣላችሁ፣ የት ላይ «በቃ፣ ከዚህ በኋላ የራሴ ነው» አለ? ይህን በዝርዝር ጻፍልኝ። ስልክ አትደውል፤ በስልክ አንተ ቶሎ ትቆጣለህ።

ለእትዬ አልማዝ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ።

ወንድምህ ይልማ