በስፒና ውስጥ ስላለው ትንሽ ፊውዝ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምተዳደረው በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በቅርቡ አንድ የታክሲ አሽከርካሪ ገመዱ ቀልጦ የተጣበቀ የጎማ መንፊያ ይዞልኝ መምጣቱ ነው። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካውን ስፒና ፈትቼ ስመለከት ውስጡ ያለው የመስታወት ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። ምትክ ሊገዛ የሄደበት መደብር ሻጭ «ቁጥሩ የለንም፣ ጠቅልለህ ተጠቀምበት፤ መኪናው የራሱ ፊውዝ አለው» ብሎ እንደመለሰው ነገረኝ።

ይህን አባባል ብዙ አሽከርካሪ ያምንበታል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። የመኪናው ፊውዝ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው ባለ 15 ወይም ቢጫው ባለ 20 አምፒር፣ የሚጠብቀው ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ ሶኬቱ የተዘረጋውን የመኪናውን ሽቦ እንጂ ከስፒናው በኋላ ያለውን ቀጭን ገመድ አይደለም። ተራ የስልክ ቻርጀር ከመኪናው የሚስበው 1 ወይም 2 አምፒር ገደማ ስለሆነ ገመዱም ለዚያው ያህል የተሠራ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ስለሚሆን፣ ባለ 3 አምፒር በነበረበት ቦታ ባለ 15 የገባ እንደሆነ ፊውዙ ሳይበጠስ ገመዱ ሊቀልጥ ይችላል። የደንበኛዬ መንፊያም ሞተሩ ነክሶ ከቆመ በኋላ ከረንት መሳቡን ቀጥሎ ነበር፤ የሚያቋርጠው ፊውዝ ግን አልነበረም፣ ወረቀቱ ሁሉንም ያሳልፍ ነበርና።

ምትክ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚነበበው በስፒናው አካል ወይም በፊውዙ የብረት ቆብ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ከአምፒሩ ፊት የላቲኑ ፊደል «ኤፍ» ካለ ፊውዙ ፈጥኖ የሚበጠስ ነው፤ «ቲ» ካለ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበውን ከፍተኛ ከረንት ታግሦ የሚያሳልፍ ነውና አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። 250 ቮልት የሚለው ጽሑፍ ፊውዙ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያመለክት ለ12ም ሆነ ለ24 ቮልት መኪና ማንንም ሊያሳስብ አይገባም። ቁጥሩ ፈጽሞ ከጠፋ የዕቃውን ዋት ለመኪናው ቮልቴጅ ማካፈል ነው፤ በ12 ቮልት 60 ዋት 5 አምፒር ይሆናል፣ የሚገባውም ከዚያ ቀጥሎ ከፍ የሚለው ፊውዝ እንጂ እጥፉ ወይም ሦስት እጥፉ አይደለም።

ርዝመቱም ዋጋ አለው። በስፒና ውስጥ በብዛት የማገኛቸው 20 ሚሊሜትር እና 30 ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝሙት ናቸው። አጭሩን በረጅሙ ቦታ አስገብቶ ክፍተቱን በብረት ቁራጭ መሙላት ግንኙነቱን ስለሚያላላ የስፒናው ጫፍ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

የተቃጠለውን ፊውዝ ከመጣል በፊት ብርሃን ላይ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። መስታወቱ ከጠቆረ ወይም ብርማ ቅባት የመሰለ ነገር ከለበሰ፣ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነውና ያ ሳይገኝ አዲስ ፊውዝ ማስገባት ከንቱ ነው። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ቀጭኗ ሽቦ መሐል ላይ ብቻ ከተበጠሰች ግን ዕቃው ከሚገባው ጥቂት አልፎ ስቧል።

የመለዋወጫ መደብር ባለቤቶችን የምለምነው ፊውዞችን በአንድ ሣጥን ከመደባለቅ ይልቅ በአምፒርና በርዝመት ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ ገዢውም የተቃጠለውን ይዞ እንዲመጣ እንዲጠይቁት፣ ትክክለኛው ቁጥር ከሌላቸው ደግሞ በግምት ከመሸጥ ወይም ወረቀት ከማስጠቅለል ይልቅ «የለንም» ብለው ወደ ሌላ መደብር እንዲመሩት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከአዲስ አበባ