ስማቸውን ጠይቂልኝ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ ጤናቸው እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከአባቴ ለቅሶ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም፤ በጣም ናፍቀሽኛል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን አንድ ነገር ሆዴን ስለበላኝ ነው።

ለአባቴ የዓመት ሶደቃ ቆቦ ሄጄ ነበር። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የቤታችን ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ። ሙታኖቻችንን በስም እየጠሩ ሁላችንም አሚን አልን። የአያቴን ታላቅ ወንድም ጠሩ። ታውቂዋለሽ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተዋጋው። ከዚያ ውጊያ በሕይወት ወጥቶ፣ ጦሩ ሲመለስ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ሲያዘንብበት ነው እዚያው የቀረው። መቃብር የለውም። የአባቴን ሁለት ታናናሾች ግን ማንም አልጠራቸውም።

ሰባት ቤት ሲቆጠር ልጅ ያልወለደ ይዘለላል፤ እሱ ይገባኛል። ግን የማይጨውም ዘማች እኮ ሳያገባ ነው የሞተው። እሱን ያቆየው የሴቶቹ ሙሾ ነው። አክስቶቼ እስከ ዛሬ ለቅሶ ላይ ፈረሱን፣ ጎራዴውን፣ ቁመናውን ያነሱታል። እነዚያ ሕፃናት በ1977 ኮረም መጠለያ ሲሞቱ ግን ሙሾ የሚያወርድ አቅም የነበረው ማን ነው? አያቴ ራሷ መቆም አትችልም ነበር። የግራካሱን ዳገት በእግር ወጥተው፣ ከቆላ ሙቀት ወጥተው፣ ያ የኮረም ብርድ ሌሊት ሌሊት ይገርፋቸው ነበር። አባቴ እንደሚለው ሁለቱንም የወሰዳቸው ኩፍኝ ነው። የተራበ ልጅ ኩፍኝን አይችለውም። ሰው በየቀኑ በጅምላ ይቀበር ነበር።

አባቴ ይህን ሲነግረኝ «ትልቁ» እና «ትንሿ» ብቻ ነበር የሚላቸው። ስማቸውን ሲጠራ አንድም ቀን አልሰማሁም። ስም ካነሳ የሚያለቅስ ይመስለኛል። አሁን እሱም የለ፣ አያቴም የለች።

እናትሽ ግን ያኔ ከአያቴ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ያንቺም ታላቅ እህት እዚያው ነው የቀረችው። ስለዚህ ነገሩ ቁስላቸውን እንዳይነካ እሰጋለሁ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ደስ ብሏቸው ቡና ሲጠጡ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። የሁለቱን ስም፣ ዕድሜያቸውን፣ ማን ቀድሞ እንደሄደ። ሌላም የሚያስታውሱት ካለ፣ ለምሳሌ ትንሿ አፏን ፈትታ እንደሆነ። መናገር ካልፈለጉ ግን ተያቸው፣ አታስጨንቂያቸው።

እኔ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በደብተር እየጻፍኩ ነው። ከአባቴ ስም ጎን ሁለት ቦታ ክፍት ትቻለሁ። የእህትሽንም ስም ላኪልኝ፤ ሽማግሌው በሚቀጥለው ዱዓ ከእነሱ ጋር እንዲጠሯት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ማታ ስልክ እደውላለሁ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።